ከበሩ አጠገብ ያለው ባዶ አልጋ

ይህን ለሚስቴም፣ ለአለቆቼም፣ ለንስሐ አባቴም ተናግሬ አላውቅም። ለእናንተ የምናገረው ስለምታምኑኝ ነው፤ ለዓመታት በስሜ የወጣውን እያነበባችሁ እውነት ነው ብላችሁ ተቀብላችኋል። እኔም የማላውቀውን ጽፌ አላውቅም። የማውቀውን ግን አንድ ጊዜ ክጃለሁ።

አንዳንዶቻችሁ መጽሐፉን አይታችሁት ይሆናል። ትልቅና ከባድ፣ ወረቀቱ የሚያብረቀርቅ፣ በሆቴል እንግዳ መቀበያና በሰፋፊ ሳሎኖች ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ፣ ከሚነበብ ይልቅ የሚገለጥ የፎቶ መጽሐፍ ነው። ባገራችን ሰው አንድ ሌሊት ማደር የሚመኝባቸውን ውብ ቦታዎች ያሳያል። ጽሑፉን የጻፍሁት እኔ ነኝ። አሳታሚው ማንም ያላየው ቦታ እንዲጨመር ሲጠይቅ ቆላውን የጠቆምሁትም እኔ ነኝ። በልቤ የነበረው የሐጂ እድሪስ ግቢ ነው፤ ስለ ሰሊጥ ገበያ ልዘግብ ስመላለስ አውቀው ነበር።

ሐጂ ከገንዳ ውሃ ከተማ መውጫ፣ በጎንደር መንገድ ዳር፣ ሱቅና ሰፊ ግቢ ያላቸው ነጋዴ ናቸው። በግቢው የኒም ዛፎች አሉ። ከዛፎቹ ሥር በገመድ የተጠለፉ፣ እዚያ አገር አንገረብ የሚሏቸው አልጋዎች ተደርድረዋል። ቀኑ ሲያቃጥል አላፊ አግዳሚው ገብቶ ይጋደማል፤ የሚከለክለው የለም። በሰሊጥ እርሻ ላይ የታመሙ የቀን ሠራተኞችም የሚተኙት እዚያ ነው። ከሁሉ የጠናበት ግን ከዛፍ ሥር አይተኛም። ለእሱ አልጋ የሚዘረጋው ከበሩ አጠገብ፣ በግንቡ ጥላ፣ ፊቱን ወደ መንገዱ አድርጎ ነው። ምክንያቱን ሐጂ ራሳቸው ነግረውኛል። አጨዳ ሲያልቅ ሠራተኛው በጭነት መኪና ወደ ደጋ ሲመለስ እዚያ በር ላይ ይቆማል፤ ውሃ ይጠጣል፤ «የኛ ሰው አለ?» ብሎ ይጠይቃል። ያገሩ ሰው ያየው በሽተኛ ተጭኖ ቤቱ ይገባል። «እኔ የምሰጠው አልጋ ነው፤ አገሩን የሚሰጡት እነሱ ናቸው» ነበር ያሉኝ።

ለመጽሐፉ አብሮኝ የሄደው ፎቶ አንሺ ከመረጠ መረጠና ያንኑ አልጋ መረጠ። ከግቢው ውስጥ ሆኖ፣ በተከፈተው በር በኩል፣ አልጋውን፣ መንገዱንና ከማዶ ያለውን የታጨደ ሜዳ በጠዋት ፀሐይ ሊያነሳ ፈለገ። አልጋው ላይ ሙላት የሚባል የበለሳ ወጣት ተኝቷል። ትኩሳቱ ሥጋውን ጨርሶ ዓይኑ ብቻ ቀርቷል።

በሽተኛው ከአልጋው እንዲነሳልን ሐጂን ጠየቅኋቸው። ቅር አላቸው። እንግዳ የጠየቃቸውን እምቢ ማለት ግን አይችሉም፤ ይህንንም አውቅ ነበር፤ አውቄ ነው የጠየቅሁት። «ማሌሽ፣ ግድ የለም፣ ለትንሽ ጊዜ ከሆነ» ብለው ወደ ገበያ ሄዱ። በር ጠባቂያቸው አደም ሙላትን አቅፎ ከግቢው ጀርባ ወዳለው የሰሊጥ መጋዘን ወሰደው። እኔ ብርድ ልብሱን ያዝሁ።

«ጋሼ፣ የኛ ሰዎች በዚህ ሰሞን ነው የሚያልፉት። ከመጡ ጥሩኝ» አለኝ ሙላት።

«እጠራሃለሁ» አልሁት።

መጡ። ፎቶ አንሺው ብርሃኑን ጠብቆ ማንሳት እንደጀመረ አንድ አይሱዙ በሩ ፊት ቆመ፤ ላዩ ሰው በሰው ነው። መንገዱንም ሜዳውንም ከፎቶው ጋረደው። ሮጬ ወጣሁ። አደም ከኋላ ከበሽተኛው ጋር ነበር፤ በር ላይ የቆምሁት እኔ ብቻ ነኝ።

«አንተ ባለ ነጭ ሸሚዝ!» አለኝ አንዱ ከላይ። «ሐጂ ሙሽራ ሊያመጡ ነው እንዴ፣ ደጁን እንዲህ ያስጠረጉት?»

«ሙሽራው ራሱ ነው እንጂ! አጨዳ የማያውቅ እጁን አታየውም?» አለ ሌላው። ተሳሳቁ።

ከጋቢናው አንገታቸውን ያወጡ አንድ ሽማግሌ ግን አልሳቁም። «ወንድሜ፣ የበለሳ በሽተኛ አለ?» አሉኝ።

«የለም» አልሁ።

የሠራሁት ይህ ነው። ስሙን አውቅ ነበር፤ አገሩን አውቅ ነበር፤ ያለበትን አውቅ ነበር። «የለም» አልሁ። ብርሃኑ እንዳያመልጠን ነው? ብርሃን ነገም ይመጣ ነበር። ፎቶ አንሺው ገፋፍቶኝ ነው? አንድ ቃል አልተነፈሰም። ሽማግሌው በእኔ ትከሻ ላይ አሻግረው ባዶውን አልጋ አዩና አመኑኝ። ውሃ እንኳ ሳይጠጡ ሄዱ። እኛም መኪና ነበረን፤ ተከትዬ ልደርስባቸው እችል ነበር። ፎቶው እስኪያልቅ ቆምሁ።

መጋዘን ስገባ ሙላት ቀና አለ። «የመኪና ድምፅ ሰማሁ። እነማን ናቸው?»

«መንገደኞች ናቸው» አልሁት። ይህ እውነት ነበር። እውነት መናገር እንዲህ አድርጎ ቀሎኝ አያውቅም።

ሌላ መኪና ይወስደዋል ብዬ ራሴን አጽናንቼ ተመለስሁ። ከፎቶው ሥርም እንዲህ ብዬ ጻፍሁ፦ «በዚህ ግቢ ለመንገደኛ ሁልጊዜ ባዶ አልጋ አለ።» ከመጽሐፉ ሁሉ ሰው የሚወደው ያንን ገጽ ነው። ልብ ብላችሁ ካያችሁት ትራሱ መሐሉ ላይ ጎድጉዷል። የሙላት ራስ ነው ያጎደጎደው።

በሌላ ዓመት መጽሐፉን ይዤላቸው ሄድሁ። ሐጂ ገጹን ገለጡ። «ሙላትን ታስታውሰዋለህ?» አሉኝ። የበለሳ መኪና ዳግመኛ ሳያልፍ በዚያው ሰሞን ሞቷል። ሐጂ ካህናት አስጠርተው በከተማው ቤተ ክርስቲያን አስቀብረውታል። በኋላ ወንድሙ ፍለጋ መጣና መኪናው እዚያ ቆሞ እንደነበር፣ በር ላይ የነበረውም ሰው «የለም» እንዳላቸው ከተሳፋሪዎቹ መስማቱን ነገራቸው።

«ደጄ ላይ ከአደም ሌላ ማን አለ?» አሉኝ ሐጂ። «ማለልኝ። አለቀሰ። አላመንሁትም፤ አሰናበትሁት።»

እኔን ለአፍታ እንኳ አልጠረጠሩኝም። እንግዳቸው ነበርሁ። ሻዬን ጠጥቼ «ያሳዝናል» አልሁ።

«የለም» ያልሁት በጥድፊያ ነው የሚለኝ ደግ አንባቢ ይኖር ይሆናል። «ያሳዝናል» ያልሁት ግን ተረጋግቼ ነው። የሥራ ባልደረቦቼ በመረጋጋቴ ያመሰግኑኛል። በዚያች ቀን ብርጭቆዬን እስከ አተላው ጨርሻለሁ። አንድ ሰው ያለ ጥፋቱ እንጀራውንና ስሙን ሲያጣ እየሰማሁ ነው የጨረስሁት።

ቢወስዱት ሙላት ይድን ነበር? አላውቅም፤ የማላውቀውን አልጽፍም። መኪናው ወደ አገሩ ይሄድ እንደነበር ግን አውቃለሁ።

በሙያችን ስሕተት ሲታተም እርማት ይወጣል። የእኔ እርማት ዘግይቷል፤ ይኸው፦ አልጋው ባዶ አልነበረም። በሩ ላይ የነበረው ሰው አደም አይደለም። እኔ ነኝ።

ከእናንተ ይቅርታ አልጠይቅም፤ የበደልሁት እናንተን ብቻ አይደለም፣ ይቅር ለማለት የሚቀድማችሁም ሰው ሞቷል። ነገ ይህንኑ ወረቀት ይዤ ወደ ገንዳ ውሃ እሄዳለሁ። አደም በመናኸሪያው ጭነት ይጠብቃል ሲሉ ሰምቻለሁ፤ ፈልጌው ወደ ሐጂ አብረን እንድንገባ እለምነዋለሁ። ሐጂ ገና ሳያዳምጡኝ፣ ላቤን አይተው፣ እንደ ልማዳቸው «አረፍ በል» ብለው አልጋ ያሳዩኛል።

አልቀመጥም። ቆሜ እናገራለሁ።