መዝገቡ ውስጥ የነበሩት ምስክር

ቆቦ መናኸሪያ አጠገብ ቲማቲምና ሽንኩርት የምትሸጠው ሳሊሀ ሰይድ በአርባ ሦስት ዓመቷ ልታገባ ነው። ሙሽራው ዒምራን ዋጃ ላይ ጎማ ይጠግናል፤ ሚስቱ ከሞተችበት አምስት ዓመት የሆነው፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው ነው። ኒካሑ ለእሁድ ተቆርጧል፤ ዘመድ ተጠርቷል፤ ሰንጋው ከጎብዬ ገበያ ተገዝቶ ዒምራን ደጃፍ ታስሯል። ሰኞ ጠዋት ሁለቱም ዝንጥ ብለው ጋብቻቸውን ለማስመዝገብ ወሳኝ ኩነት ቢሮ ሄዱ።

የቢሮዋ ልጅ የሳሊሀን መታወቂያ ገልብጣ አየችው።

«እህቴ፣ ይሄ እኮ ‹ያገባች› ነው የሚለው።»

«ተፋትቻለሁ! አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ!»

«ይሆናል። የፍቺውን ውሳኔ ከነማኅተሙ አምጪና ያኔውኑ እመዘግባችኋለሁ።»

ወረቀቱ ግን የለም። አንድ ጊዜ ነበረ፤ አጎቷ አባባ አሊ በቆርቆሮ ሳጥን ቆልፈው አስቀምጠውት ነበር። በጦርነቱ ጊዜ ቤት ጥለው ሲሸሹ ሳጥኑ እዚያው ቀረ፤ ሲመለሱ ሳጥኑም የለም። አባባ አሊም ከዚያ ወዲህ አርፈዋል።

ሳሊሀ የመጀመሪያ ባሏን ኢብሮን ያገባችው በሃያ ዓመቷ ነው። የሮቢት ልጅ ነበር። ከአፋር ግመል እያመጣ ይነግዳል፤ ወጥቶ ሁለት ወር፣ ሦስት ወር ድምፁ ይጠፋል። እሷ እሱ በሌለበት ጭቃ አቡክታ፣ እንጨት አስፈልጣ ቆቦ ላይ ሁለት ክፍል ቤት አቆመች። ልጃቸው ኢቅራ በተወለደች በሁለተኛው ወር መጣና «ቤቱን ሸጬ ሳውዲ ልሄድ ነው» አላት። እንቢ አለች። ጭቅጭቁ ፍርድ ቤት አደረሳቸው፤ ያኔ ፊደል ያልቆጠረችው ሳሊሀ አባባ አሊ ባመጡላት ወረቀት ላይ በጣቷ ፈረመች። ምስክር የሚሰማበት ሳምንት ደግሞ ወባ ጥሏት ጤና ጣቢያ ተኝታ ነበር፤ በእሷ ፋንታ የሚመላለሱት አባባ አሊ ነበሩ። ሲጨርሱ አልጋዋ አጠገብ ቆመው «አብሽሪ፤ ቤቱም ልጅቷም ላንቺ ተፈርዷል» አሏት። ከዚያ ያለፈ አልነገሯትም፤ እሷም አልጠየቀችም።

ኢብሮ ግን ሊሰናበት መጥቶ አንድ ነገር ጥሎ ሄደ። «ቤቱን ብታገኚም እናቴ ራሷ ቀርባ መስክራብሻለች። እወቂው።»

ይሄ ነገር ከወባው ይልቅ አመማት። አማቷ አሚና በአራስነቷ ገንፎ ያገነፉላት፣ ልጄ እያሉ የሚጠሯት ሴት ነበሩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ገበያ ላይ ስታያቸው ፊቷን ታዞራለች። ሁለት ሦስቴ እንዲህ ከሆነ በኋላ አሚናም መቅረብ ተዉ።

ማክሰኞ ገና ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ሳሊሀ ፍርድ ቤቱ መዝገብ ቤት መስኮት ላይ ቆማለች። ከውስጥ ጡረታ ሊወጡ ጥቂት የቀራቸው ጋሽ ገዛኸኝ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው አዩዋት።

«የመዝገብ ቁጥር?»

«የለኝም።»

«በስንት ዓመተ ምሕረት ነው የተወሰነው?»

«እሱንም እንጃ ጋሽዬ። ልጄ አራስ ሳለች ነው። እኔ ወባ ይዞኝ ነበር።»

ጋሽ ገዛኸኝ ሳቁ። «ወባማ በየዓመቱ አለ! ሂጂና ቀን የተጻፈበት ነገር ፈልጊ። ቀን ካመጣሽልኝ ለፍለጋው እኔ አለሁልሽ።»

እየሮጠች ቤቷ ገባች። ሻንጣ ዘረገፈች፣ ፍራሽ ገለበጠች። ወልድያ ዩኒቨርሲቲ የምትማረው ኢቅራ ጋ ደወለች።

«ኢቅራዬ፣ አንቺ ሕፃን ሳለሽ ቀን የተጻፈበት ወረቀት ምን አለን?»

«የክትባት ካርዴ ነዋ! ዩኒቨርሲቲ ስገባ ኮፒ አድርገነው፣ ዋናውን ቁርዓንሽ ውስጥ አላስቀመጥሽውም?»

እውነትም እዚያው ነበር። ሳሊሀ ፊደል የቆጠረችው ኢቅራ አንደኛ ክፍል ስትገባ በእሷ መጽሐፍ ነው፤ ሱቋ ላይ ቲማቲም እየደረደረች አብራት ሀ ሁ ብላለች። አሁን ካርዱን በጣቷ እየተከተለች አነበበች። ሦስተኛው ክትባት ቀጠሮው ካለፈ በሳምንቱ ነው የተሰጠው፤ ኅዳር 1998። ያ የዘገየው ሳምንት እሷ ጤና ጣቢያ የተኛችበት ሳምንት ነው!

«ቀኑን ያዝነው!» አሉ ጋሽ ገዛኸኝ ካርዱን ሲያዩ። ምስክር ኅዳር ላይ ከተሰማ መዝገቡ የተከፈተው ከዚያ በፊት ነው። መዝገብ የሚከፈትበትን የ1998ን ትልቅ ደብተር አውርደው አቧራውን አራገፉና ከመስከረም ጀመሩ። ኢብሮ የሚል የለም። «ሙሉ ስሙ ኢብራሂም ነው» አለች። ኢብራሂም የሚሉ አራት ከሳሾች ተገኙ፤ አንዱ የድንበር፣ አንዱ የበሬ፣ ሁለቱ የውርስ ጉዳይ። ዒምራን ሥራውን ጥሎ ከዋጃ መጥቶ ኖሮ ከኋላዋ ቆሞ «ያ ረቢ፣ ያ ረቢ» ይላል።

ጋሽ ገዛኸኝ ድንገት ቀና አሉ። «ቆይ፣ የከሰሰው ማነው?»

«እሱ ነዋ... እሱ ነው መሰለኝ።»

«መሰለኝ? አጎትሽ ናቸው ያልሽኝ የተመላለሱት። ክሱንም በአንቺ ስም የከፈቱት እሳቸው ቢሆኑስ?» አሉና ጣታቸውን ወደ ላይ መለሱ። አንድ ገጽ፣ ሁለት ገጽ። ሦስተኛው ላይ ጣታቸው ቆመ። «አመልካች ሳሊሀ ሰይድ፤ ተጠሪ ኢብራሂም አደም፤ ጉዳዩ ፍቺ።»

«እኔ ነኝ! እሷ እኔ ነኝ!» ሳሊሀ መስኮቱን በመዳፏ መታችው። ተራ የሚጠብቁት ሰዎች ሳቁ፤ አንዲት ሴት ደግሞ ምን እንደሆነ ሳታውቅ እልል አለች።

ቁጥሩ ተገኘ ማለት ግን ፋይሉ ተገኘ ማለት አይደለም። የተዘጉት መዝገቦች በገመድ ታስረው ጓዳ ውስጥ እስከ ጣሪያ ተቆልለዋል። ረቡዕ አልተገኘም። ሐሙስ ሳሊሀ ሱቋን ሳትከፍት ዋለች። ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ስትመለስ ጋሽ ገዛኸኝን በር ላይ ቆመው አገኘቻቸው፤ ብብታቸው ሥር ቀይ ክር የታሰረበት ፋይል ይዘዋል። ከፍ አድርገው አሳዩዋት።

የግልባጭ ማመልከቻ ተጻፈ፣ ሁለት ኮፒ ተደረገ፣ በየገጹ ማኅተም ተመታ። ዒምራን «በይ እንሂድ፣ ቢሮው ሳይዘጋ» ቢላትም እሷ ግቢው ውስጥ ካለው አግዳሚ ላይ ቁጭ ብላ ነበር። በሕይወቷ ስለ ራሷ የተጻፈ ይህን ያህል ወረቀት አይታ አታውቅም፤ ሁሉንም ልታነብ ነው። ሁለተኛው ገጽ ላይ እንዲህ ይላል፦

«1ኛ የአመልካች ምስክር፤ ወይዘሮ አሚና እንድሪስ፤ ዕድሜ 46፤ አድራሻ ሮቢት። ተጠሪ ልጄ ነው። ቤቱን የሠራችው አመልካች ናት፤ ጭቃው ሲቦካ እኔም ነበርኩ። ልጄ በዚያ ጊዜ አገር ውስጥ አልነበረም። ሕፃኗ ከእናቷ ብትለይ ትጎዳለች። ልጄን እወደዋለሁ፤ ግን በአላህ ስም ምዬ ሐሰት አልናገርም።»

ደግማ አነበበችው። ከዚያ ወረቀቱን ለዒምራን ሰጥታ «አንብብልኝ፣ ተሳስቼ እንዳይሆን» አለች። አነበበላት። አልተሳሳተችም። የአመልካች ምስክር! የእሷ ምስክር!

«ሮቢት ልሄድ ነው» አለች ተነሥታ።

«አሁን?»

«ወረቀቱን አንተ ለቢሮዋ ልጅ ስጥልኝ። ይሄኛው ኮፒ ከእኔ ጋር ይሄዳል።»

ሚኒባሱ ውስጥ መቀመጥ አቃታት፤ ሾፌሩን ሦስቴ «ትንሽ ፍጠን» አለችው። አሚናን ግቢያቸው ውስጥ ለላማቸው የማሽላ አገዳ እየቆረጡ አገኘቻቸው። ቀና ብለው ሲያዩዋት ማጭዱ እጃቸው ላይ ቀረ።

«ሳሊሀ? ኢቅራ ምን ሆነች?» አሉ ደንግጠው።

«ደኅና ናት። እማማ፣ ለምን አልነገሩኝም?» ወረቀቱን ዘረጋች። «ለእኔ መስክረው ለምን አልነገሩኝም?»

አሚና ማንበብ አይችሉም፤ ግን ገባቸው። «ምን ብዬ ልንገርሽ? የምታውቂ መስሎኝ! ልጄን ሸንጎ ላይ አዋርጄ ቤት መጣሁ። እሱ ዓመት ሙሉ አላናገረኝም። አንቺ ደግሞ ገበያ ላይ ፊትሽን ስትመልሺብኝ ‹የዚያ ሰው እናት ስለሆንኩ ጠልታኛለች› አልኩ።»

«እሱ እኮ ‹እናቴ መስክራብሻለች› ነው ያለኝ።»

አሮጊቷ «አይ ኢብሮ!» ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ዓይናቸው እንባ ሞላ፤ ግን ወዲያው ሳቅ አመለጣቸው፤ ሳሊሀም ሳቀች፤ አገዳው መሀል ተቃቅፈው ቆሙ፤ ላሟ ደግሞ ያልተቆረጠውን ጎትታ መብላት ጀመረች።

«ኢቅራን ከሩቅ አያታለሁ» አሉ አሚና። «ቆቦ ለገበያ ስመጣ፣ ትምህርት ቤት ስትሄድ ላያት መንገድ ዳር እቆም ነበር። አረማመዷ የእኔ ነው።»

ዒምራን ደወለ። የቢሮዋ ልጅ ወረቀቱን ተቀብላዋለች፤ እሁድ ኒካሑ እንዳለቀ ሰኞ መጥተው ይፈርማሉ። «አልሐምዱሊላህ» አለች ሳሊሀ፤ «አንተ፣ የእንግዳ ቁጥር በአንድ ጨምር።»

ቅዳሜ ከሰዓት ኢቅራ ለሠርጉ ከወልድያ ስትመጣ ደወለች። «እማ፣ ጎብዬን አለፍን።»

«በይ ቆቦ እንዳትደርሺ፤ ሮቢት ላይ ውረጂ።»

«ሮቢት? ማን አለን እዛ?»

«ውረጂ ብቻ!»

አሚና ከእኩለ ቀን ጀምሮ አዲስ ሻሻቸውን አስረው አስፋልቱ ዳር ቆመዋል። «ቁጭ ይበሉ እማማ፣ ገና ነው» ብትላቸውም አይሰሙም። መኪናው ቆመ፤ ኢቅራ ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ ጥላ ወረደችና በአስፋልቱ ዳር ሰፋ ሰፋ አድርጋ እየተራመደች ወደ እነሱ መጣች። አሚና የሳሊሀን ክንድ ጨብጠው «አየሽ? አየሽ?» አሉ።