የቫክስሆልም መድፎችና ለልጄ ያልነገርኳት

ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ከልጄ ከሕሊና ጋር ከምኖርበት ሰፈር ከአልቢ ተነሣን። መድረሻችን ከስቶክሆልም ወጣ ብሎ ባሕሩ መግቢያ ላይ ያለው የቫክስሆልም ምሽግ ነው። ለሷ ያልኳት «የድሮ መድፍ እንይ» ነው። የኔ ጉዳይ ሌላ ነበር። አሥር ዓመቷ ሳለ ለትምህርት ቤት ሥራ «በጦርነቱ ምን ነበርክ?» ብላ ስትጠይቀኝ «የጦሩ ወጥ ቤት» ብያት ነበር። ውሸት ነው፤ ምጽዋ አጠገብ መድፈኛ ነበርኩ። ዛሬ ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ፍሌሚንግስቤሪ በሚባል ሰፈር ነርስነት ትማራለች። እውነቱን ከኔ ካልሰማች ከማን ልትሰማ ነው ብዬ ወጣሁ።

ከከተማ 670 ቁጥር አውቶቡስ ይዘን በጥድ ደንና በድልድዮች መካከል አንድ ሰዓት ያህል ተጓዝን። አውቶቡሱን የከተማው ትራንስፖርት የኤስኤል ካርዳችን ቻለው፤ ምሽጉ ደሴት ላይ ስለሆነ ለመሻገሪያዋ ጀልባ ለብቻ ይከፈላል።

ስድስት ሰዓት፣ ወደቡ

የተጠበሰ ትንንሽ የባሕር ዓሣ ከድንች ጋር በላን። ዓሣ በሰኔ ጾም ይፈቀዳል አይፈቀድም የሚለውን ክርክር ለቀሳውስቱ ትቼዋለሁ። እዚያው ልነግራት «ሕሊና» ብዬ ጠራኋት። ቀና ስትል «ጨው አቀብይኝ» አልኳት።

ምሽጉ

ግራጫው ግራናይት ከውኃው ተነሥቶ ፎቅ በፎቅ ላይ ወጥቷል፤ በየፎቁ የመድፍ መስኮት ተደርድሯል። እኛ ምሽግ የምንለው ከአሸዋ ጆንያ ያለፈ አልነበረም። እጄን ድንጋዩ ላይ አሳርፌ ብዙ ቆምኩ።

አስጎብኚዋ እንደነገረችን የመጀመሪያውን ማማ ያሠራው የአሥራ ስድስተኛው መቶ ዓመት ንጉሥ ነው። ወደ ስቶክሆልም የሚገባ መርከብ በዚህ ጠባብ መተላለፊያ ነበር የሚያልፈው፤ ዴንማርኮችም ሩሲያውያንም እስከዚህ መጥተው ተመልሰዋል። አሁን የቆመው ግንብ በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት ሠላሳ ዓመት ገደማ ፈጀ፤ ሲያልቅ ግን ድንጋዩን የሚበሳ አዲስ መድፍ ተፈልስፎ ነበር።

«ስለዚህ ይህ ግንብ ለውጊያ ሳይደርስ አረጀ» አለች አስጎብኚዋ። ጎብኚዎቹ ሳቁ። እኔ ቀናሁ። ሰው ላይ ሳይተኩስ ያረጀ መድፍ ይህን ያህል ያስደንቀኛል ብዬ አስቤ አላውቅም።

ግቢው ውስጥ አንዲት ትንሽ መድፍ በባሩድ ብቻ ለጎብኚ ትተኮሳለች። ሰዉ ሁሉ ጆሮውን ያዘ። እኔ ጎኔን ለመድፏ ሰጥቼ፣ ጉልበቴን አጠፍ አድርጌ፣ አፌን በሰፊው ከፈትኩ። መድፈኛ ጆሮው እንዳይጎዳ እንዲህ ያደርጋል፤ ሳላስበው ነው ያደረግኩት። ጭሱ ሲገፈፍ ሕሊና እኔን እያየች ነበር።

«ፓፓ፣ ይህን ወጥ ቤት ነው የተማርከው?» አለችኝ በስዊድንኛ። አማርኛ ትሰማለች፤ መልሷ ግን ሁልጊዜ በስዊድንኛ ነው።

«መድፈኛ ነበርኩ።»

«ሰው ገድለሃል?»

«አላውቅም ልጄ። ርቀቱን በሬድዮ ይነግሩናል፣ እንተኩሳለን። የት እንደወደቀ አላይም። ከወዲያ ያሉትም የኛው አገር ልጆች ነበሩ።»

«ያኔ የጻፍኩትን ክፍል ውስጥ አንብቤዋለሁ እኮ» አለችኝ። «አባቴ በጦርነቱ ሰው ያበላ ነበር ብዬ። ሁሉም አጨበጨቡልኝ።»

አንገቴን ደፋሁ። አፈርኩ።

መልስ

አውቶቡሱ ላይ ከፊቴ ባለው ወንበር ብቻዋን ተቀመጠች። እስከዛሬ ልጄን ከክፉ ወሬ የጠበቅኩ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ የጠበቅኩት ራሴን ኖሯል። ጉዞው ያስተማረኝ ይህንን ነው።

አልቢ ስንደርስ በር ላይ ተሰናብታኝ ወደ ተማሪዎች መኖሪያዋ ትሄዳለች ብዬ ነበር። ጫማዋን አውልቃ ገባች። ሻይ ጣደች፤ ከዚያ ከፊት ለፊቴ ተቀመጠችና «ከመጀመሪያው ቀን ጀምር» አለችኝ።