ተኝተው የሚዋጉ

ያቺ ልጅ ተኝታ በከረመችበት ጊዜ ሁሉ ፀጉሯን ማን ያበጥርላት ነበር? እስከ ዛሬ መልሱን አላገኘሁም።

የጃፓን ፊልም ነው። ልጅቱ ዓሣ አጥማጆች ከሚኖሩበት መንደር የመጣች፣ ቀጭን፣ እንደኔ ዝምተኛ ናት። አንድ ቀን የራስ ቁር የመሰለ ነገር ታጠልቅና አልጋዋ ላይ ጋደም ትላለች። ዓይኗን ስትከድን የኮምፒውተር ጨዋታ ውስጥ ትገባለች። እዚያ በረዶ የለበሰ ተራራ አለ፤ ሰይፍ ታጥቃ ከመንደር መንደር እየተዋጋች ትወጣዋለች። መውጫው ይዘጋባታል። ከዓመት በላይ እዚያው ትቀራለች፤ ሥጋዋ ግን ሆስፒታል አልጋ ላይ ተኝቷል። በመጨረሻ አሸንፋ ስትነቃ ፀጉሯ ወገቧ ደርሷል። መድረሱ አይገርመኝም። ተበጥሯል። አንድም ቋጠሮ የለበትም። ጥፍሯም ተቆርጧል። ብድግ ብላ ተቀምጣ በመስኮት ታያለች፣ ሙዚቃው ከፍ ይላል፣ ያልቃል።

"ማን አበጠረው?" አልኩ።

"ምኑን?" አለች የእህቴ ልጅ ዓይኗን እየጠረገች።

"ፀጉሯን።"

"ኧረ እታለም! ሰው እያለቀሰ አንቺ ፀጉር ታያለሽ?"

የእህቴ ልጅ ከተማችን ውስጥ ኮሌጅ ትማራለች። ወላጆቿ እብናት እህል ስለሚነግዱ የምትኖረው ከእኔና ከእናቴ ጋር ነው። እናቷ እንደምትጠራኝ "እታለም" ትለኛለች፤ አንቱታውን እኔም አልጠየቅኳት። ፊልሞቹን ገበያው አጠገብ ካለ ሱቅ ሚሞሪ ላይ እያስጫነች ታመጣለች። መብራት ካለ፣ ከትምህርት ስትመለስ፣ ስልኳን የውኃ ማንቆርቆሪያ ላይ አስደግፈን እናያለን። ጃፓንኛውን ሁለታችንም አንሰማም። ከሥር የሚጻፈውን እንግሊዝኛ ነው የምናነበው። እኔ አንድ ቃል ካልገባኝ አስቁሜ መዝገበ ቃላት እገልጣለሁ። እሷ እስክጨርስ ጣሪያ ጣሪያውን ታያለች።

"ዘንዶው እኮ አፉን ከፍቶ እየጠበቀን ነው" ትለኛለች።

"ይጠብቅ።"

ለምን ፀጉር ላይ ዓይኔ እንደቀረ ለመናገር ስለ እናቴ መናገር አለብኝ። እናቴ ከወደቀች ሁለት ዓመት ሆኗታል። ግራ ጎኗ አይታዘዛትም፣ ምላሷ ተሳስሯል። አእምሮዋ ግን ሙሉ ነው። የተኛ ሰው ፀጉር ከኋላ በኩል፣ ትራስ በሚነካው በኩል፣ እንደ ረጠበ ጥጥ ይጣበቃል። በማበጠሪያ ከላይ ከጀመሩት ያማል። ቅባት ነክቶ፣ በጣት እየለያዩ፣ ከጫፉ ተነስቶ ትንሽ በትንሽ ወደ ላይ መሄድ ነው። አንድ ሳምንት ከተውት መላጨት ይሻላል። ስለዚህ የዚያች ልጅ ፀጉር በመስኮቱ ብርሃን ላይ ሲፈስ ሳይ አንድ ሰው ከአልጋዋ ራስጌ ቆሞ እንደነበረ ገባኝ። ያ ሰው በፊልሙ ውስጥ የለም።

እናቴ በወደቀችበት ሰሞን እኔ አሥራ አንደኛ ክፍል ጨርሼ ነበር። ልጅ ሳለን ወንድሜ ትምህርት ቤት ሲሄድ እኔ ቤት ቀርቻለሁ። ፊደል የቆጠርኩት እኩዮቼ ልጆቻቸውን ትምህርት ቤት በሚያስገቡበት እድሜ፣ በማታ ትምህርት ነው። የልጆች ወንበር ላይ ጉልበቴን አጥፌ፣ አንድም ክፍል ሳልደግም እዚያ ደረስኩ። የቀረኝ አንድ ክፍል ነው። በዚያ አንድ ክፍል ላይ ሁለት መስከረም አለፈ፤ ሦስተኛው እየመጣ ነበር። የእህቴ ልጅ "እኔ ማታ ማታ ከአያቴ ጋር እሆናለሁ" ብላኛለች። አልፈቀድኩም። የእሷም ትምህርት ማታ ነው የሚጠናው። ከዚህ ቤት በአስታማሚነት ከትምህርት የቀረ ሰው እኔ እበቃለሁ።

"ሌላ አምጪልኝ" አልኳት፣ "እንደዚሁ ተኝተው የሚዋጉበት።"

አመጣች። በሁለተኛው ፊልም ተጫዋቾቹ ሰማያዊ ውኃ በሞላበት የመስታወት ገንዳ ውስጥ ተዘርግተዋል። ቱቦ አፍንጫቸው ውስጥ ገብቷል፣ ማንም አይነካቸውም። ተናደድኩ። ውኃ ውስጥ የዋለ እጅ ምን እንደሚሆን ልብስ ያጠበ ሁሉ ያውቃል። እነዚህ ወር ሙሉ ውኃ ውስጥ ከርመው ሲወጡ ቆዳቸው እንደ ሕፃን ነው!

በሦስተኛው አንዲት እናት ልጇ ወደተኛበት ክፍል ገባች። ደስ አለኝ፤ ወደ ስልኩ ተጠጋሁ። አበባ ይዛለች። የደረቀውን አበባ አወጣች፣ የብርጭቆውን ውኃ ቀየረች፣ አዲሱን አስገባች፣ ተቀምጣ አለቀሰች፣ ወጣች። ለአበባው ውኃ ተቀየረለት። ልጁን እጇ እንኳ አልነካውም።

በሌላው ፊልም ደግሞ ተጫዋቹ ልጅ በተኛበት ክፍል፣ በበሩ ክፍተት የነርስ ጋሪ ሲያልፍ አየሁ።

"ቁሚ! መልሺው!"

መለሰችው። ጋሪው አለፈ። የሚገፋው ሰው እጅ ብቻ ይታያል፤ ነጭ እጅጌ። ደግማ መለሰችው።

"እታለም፣ ልጁ እኮ እዚያ በእሳት እየተቃጠለ ነው።"

"እሱ የጨዋታ እሳት ነው። ይህ ጋሪ ግን እውነተኛ ነው።"

"ጃፓን አገር ሄደሽ የሆስፒታል ተቆጣጣሪ ትሆኛለሽ እንጂ አንቺስ!"

ይህን ሁሉ የእህቴ ልጅ ፊልም ለሚጭነው ባለ ሱቅ ነግራዋለች። በማግሥቱ እየሳቀች መጣች። "‘ለአክስትሽ ንገሪያት’ አለኝ፤ ‘እኔ የጦርነት ፊልም ጭኜ እሰጣታለሁ፣ እሷ የአስታማሚ ፊልም አድርጋ ታየዋለች። የአስታማሚ ፊልም የሠራ ሰው የለም። ማን ያየዋል?’"

እሷ የሳቀችበት ነገር እኔ ልብ ውስጥ ገብቶ ቀረ። ሰውየው እኮ ልክ ነው። ማን ያየዋል? የደብረ ታቦር ክረምት አንሶላ አያደርቅም። ጉሙ ጠዋት ከጓሮ ይገባና ከሰዓት ይወጣል፤ ያጠብኩትን በከሰል ዳር ገልብጬ አገላብጬ ሳደርቅ ጢስ ጢስ ይሸታል፣ ደግሜ አጥባለሁ። እናቴን ጎኗ እንዳይቆስል አገላብጣለሁ፤ ቀን አገላብጣለሁ፣ ሌሊት እነሳለሁ። ትርፍ ሰዓት ሲገኝ መጽሐፍ እከፍታለሁ፤ ገጹን ሳልጨርስ ትጠራኛለች። ያንኑ ገጽ በማግሥቱ ከላይ እጀምራለሁ። ይህ ለማንም ታሪክ አይሆንም።

ጠያቂ ደግሞ አለ። ጎረቤት በሽተኛ ሊጠይቅ ይመጣል፣ ደግ ነገር ነው፤ ግን የመጣን ሰው ቁጭ አድርጎ ማብላትና ማጠጣት የእኔ ሥራ ነው። አንዲት ጎረቤታችን አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ብርድ ልብሱን በመዳፋቸው እየዳሰሱ "አቤት ንጽሕናዋ! እሱ ነው የጠበቃት፣ እሱ!" ይላሉ፣ ወደ ጣሪያው እያዩ። እኔ "ተመስገን" እላለሁ። እጄ ሳሙና በልቶት ቀልቷል፤ ነጠላዬ ሥር እሸሽገዋለሁ። ፈጣሪ ጠበቃት፣ አልክድም። አንሶላውን ግን እሱ አላጠበውም።

ለማንም አልተናገርኩም። ብናገር ምን እንደሚባል አውቃለሁ፤ "እናቷ ሰለቸቻት" ነው የሚባለው። አልሰለቸችኝም። ይህን ለማስረዳት የሚበቃ ዓረፍተ ነገር ስፈልግ ነው ሁለት ዓመት ያለፈው፤ በልቤ የጀመርኩት ሁሉ መጨረሻው ላይ ምሬት ይሆንብኛል፣ እሰርዘዋለሁ።

ወንድሜ ባሕር ዳር መሥሪያ ቤት ይሠራል። ታላቄ ነው፣ ጋሼ እለዋለሁ። በሁለት ወር፣ በሦስት ወር አንዴ ብርቱካን በፌስታል አንጠልጥሎ ይመጣል። የእናቴን እግር ይስማል፣ ያለቅሳል፣ ራሷን ይዳብሳል። ከሐሙሲት ወዲህ መንገዱ እንዴት እንደነበረ ይነግረናል። በማግሥቱ በጠዋት ሚኒባስ ይመለሳል። የመጣ እንደሆነ ጎረቤቱ ሁሉ "ወንድ ልጅ እንዲህ ሲሆን!" እያለ ይመርቀዋል። እናቴም በዚያ በተሳሰረ ምላሷ ስሙን ስትጠራ ፊቷ ይፈካል። አይከፋኝም ብል እዋሻለሁ።

በዚያ ክረምት ለቡሄ መጣ። ከሰዓት በኋላ ልጆች በየደጁ ሲጨፍሩ እሱና የእህቴ ልጅ ያችኑ የዓሣ አጥማጆቹን ልጅ ፊልም ያዩ ጀመር። እኔ ጓሮ አንሶላ እየጨመቅኩ ነበር። ፊልሙ ሲያልቅ ድምፁን ሰማሁት።

"ሲያስቀና! ምንም ሳያደርጉ ተኝቶ መክረም፣ ከዚያ ብድግ!"

የእህቴ ልጅ ስልኩን አጥፍታ ተነሳች። ወደ ጓሮ ብቅ ብላ አየችኝ፤ አንሶላውን በሌላው ጫፍ ያዘችልኝና በሹክሹክታ "እታለም፣ የማታው ምዝገባ ነገ ያበቃል። ማስታወቂያውን ትምህርት ቤቱ በር ላይ አይቼዋለሁ" አለችኝ።

አንሶላውን ከሚገባው በላይ ጠመዘዝኩት፤ ጥግ ላይ ተተረተረ።

በማግሥቱ ጠዋት ያካፋል። ወንድሜ ጫማውን አጥብቆ፣ ሻንጣውን ትከሻው ላይ አንጠልጥሎ ከእናቴ አልጋ አጠገብ ቆሟል። ሊስማት ጎንበስ ሲል ነው አፌን የከፈትኩት።

"ጋሼ፣ ዛሬ አትሂድ።"

"ምነው? ሥራ አለብኝ እኮ።"

"እኔም አለብኝ። ትምህርት ቤት ሄጄ ልመዘገብ ነው።"

ሳቀ። ክፋት የለበትም፣ እንዲሁ አመለጠው። "አሁን? በዚህ እድሜሽ?"

"በዚህ እድሜዬ።"

"እሺ እማዬስ?"

"እሱን ነው የምልህ። ማታ ማታ ከእሷ ጋር የሚሆን ሰው ያስፈልገኛል። ወይ አንተ ሰው ፈልግ፣ ወይ የትምህርቱን ዓመት አንተ ዘንድ ውሰዳት። የትኛውም ይሁን፣ ከመስከረም በፊት። ዛሬ ግን እዚህ ዋል።" አላቆምኩም። "ደክሞኛል። እሷ ሰልችታኝ አይደለም፣ በእሷ ፊት ነው የምናገረው። ደክሞኛል። አንድ ክፍል ነው የቀረኝ፤ እሱን መጨረስ እፈልጋለሁ።"

ይኸው ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ የፈለግኩት ዓረፍተ ነገር ይህን ያህል አጭር ነበር።

"ታዲያ እስከ ዛሬ ምነው ዝም አልሽ?" አለኝ፤ የተበደለው እሱ ይመስል።

"አንድ ቀን እንኳ ጠይቀኸኛል?"

"ሁሌ ‘እንዴት ናችሁ’ እላለሁ አይደል!"

"‘ናችሁ’ ትላለህ። ‘አንቺስ’ ብለኸኝ አታውቅም።"

የእህቴ ልጅ በሩ ላይ ማበጠሪያ ፀጉሯ ውስጥ እንደሰካች ቆማለች። ወንድሜ ሰዓቱን አየ፣ ሚኒባሱን አሰበ፣ አየሁት። ያን ጊዜ እናቴ ከአልጋዋ አንድ ነገር ለመናገር መታገል ጀመረች። ሁላችንም ወደ እሷ ዞርን። ቃሉ ከአፏ እስኪወጣ ረጅም ጊዜ ወሰደባት፤ ሲወጣ ግን ጥርት ብሎ ነው።

"ሻንጣህን አስቀምጥ።"

አስቀመጠው።

ከመውጣቴ በፊት እንዴት እንደሚገለብጣት አሳየሁት። በክንዷ ሊስባት ያዘ።

"ክን... ክንዴን!" አለች እናቴ።

"በክንድ አይደለም። ከሥሯ ያለውን አንሶላ ያዝ፣ ወደ ራስህ ሳብ፣ ጉልበቷን ደግፍ። ቀስ።"

"ይህን ሁልጊዜ ብቻሽን ነው የምታደርጊው?"

የእጅ ሰዓቱን አወለቀና መስኮቱ ላይ አኖረው፣ እጅጌውን ሰበሰበ፣ ግንባሩ አላበ። እናቴ ባልታመመው ዓይኗ ከላይ እስከ ታች ታየዋለች፤ ልትስቅ ምንም አልቀራት።

የአሥራ አንደኛ ክፍል ካርዴን በፌስታል ጠቅልዬ፣ ጃንጥላ ይዤ ወጣሁ። የግቢውን በር ስከፍት ወንድሜ በመስኮት አንገቱን አወጣ።

"አንቺ! አጥሚቱን ትኩስ ነው ወይስ በረድ ሲል ነው የምትወደው?"

ሁለት ዓመት በየቀኑ የማቀርበው ነው፤ መልሱ አፌ ላይ መጥቶ ነበር።

"እሷን ጠይቃት" አልኩና በሩን ከኋላዬ ዘጋሁት።