ሁለት ሳምንት የመረጥኩት ጎማ

ሚስት ስመርጥ እንኳ እንደዚህ አልተጨነቅኩም። ሁለት ሳምንት ሙሉ ሳገላብጥ ቆይቼ፣ ለግራጫዋ ካምሪ መኪናዬ በጋ ከክረምት የሚነዳበት፣ ለበረዶም የሚሆን ኦል ሲዝን ጎማ አስገጠምኩ።

እሁድ ኦሮራ ከተማ ባለው ቤተ ክርስቲያናችን ቅዳሴ አስቀድሰን ስንወጣ ፓርኪንጉ በሙሉ በረዶ ለብሷል። ጎማ ስመርጥ ሲስቅብኝ የከረመው የሥራ ጓደኛዬ ግርማ፣ «እስቲ ያንን ጎማህን አሳየን!» አለኝ።

ደስ እያለኝ ከጣሪያው ጀምሬ በረዶውን ጠረግኩ። ግራጫዋ ካምሪ ብቅ አለች። መስታወቷን ፋቅኩ፣ ተንበረከክኩና ጎማውን በነጠላዬ ወለወልኩት። ጥርሱ ሙልጭ ብሎ አልቋል!

«ሁለት ሳምንት የመረጥከው ይሄንን ነው?» አለ ግርማ፣ ሆዱን ይዞ እየሳቀ።

ደሜ ፈላ። እዚያው እንደተንበረከክኩ ጎማ ቤቱ ደወልኩ። እሁድ ስለሆነ ያነሳው መልእክት የሚቀዳ ማሽን ነው። እኔም ንዴቴን በአማርኛ ለቀቅኩበት። «በዚህ ጎማ ሰው ይነዳል? ሰው ልትገድሉ ነው? እግዜርን አትፈሩም?»

ስልኩን ስዘጋ ከኋላዬ አንዲት ትልቅ እናት ቆመዋል። ቁልፋቸውን ጫን ሲያደርጉ ካምሪዋ ጢጥ አለች።

«ተባረክ፣ የኔ ልጅ» አሉኝ። «ልጆቼም ጎማውን ቀይሪ ይሉኛል። እንዳንተ የተቆጣልኝ ግን የለም።»