እሳት ያየው ኩሽኔታ

ይህ ታሪክ ሊጻፍ የሚገባው ስለመሆኑ እስካሁን እርግጠኛ አይደለሁም። በዚያ በጦርነቱ ዘመን ወታደር ጭነው ወደ ሰሜን የሚያልፉትን መኪናዎች ቆጥራ የማትጨርስ ከተማ ውስጥ አድጌ፣ የስንቱን ቤት ለቅሶ አይቼ፣ ስለ አራት ብረትና ስለ አንድ ጣውላ ልጻፍ ብል «ሌላ የሚወራ አጣሽ?» የሚለኝ አይጠፋም። ነገር ግን ዘንድሮ፣ ልጆቼን አሳድጌ ስጨርስ፣ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ሆኜ ዩኒቨርሲቲ በገባሁበት ቀን፣ አዲስ ገቢዎቹ ልጆች ባለ ጎማ ሻንጣቸውን በረጅሙ መተላለፊያ ላይ እየጎተቱ መጡ፤ ያ ግርርር የሚል ድምፅ ከጀርባዬ ሲቀርበኝ፣ ሳላስበው ዘልዬ ግድግዳው ጥግ ተለጠፍኩ። አንዲት ልጅ «ይቅርታ እናቴ፣ አስደነገጥኩዎት?» አለችኝ። እኔ ግን የሰማሁት የሻንጣ ድምፅ አልነበረም።

እኛ ሸዋ ሮቢት ውስጥ ኩሽኔታ የምንለው፣ ከመኪና ጎማ ውስጥ የሚወጣውን፣ በሆዱ ትንንሽ የብረት ኳሶች የያዘውን ክብ ብረት ብቻ ሳይሆን፣ አራቱን ከጣውላ ሥር ገጥመን የምንሠራውን መንሸራተቻም ጭምር ነበር። ወንዶቹ ልጆች ቁጢጥ ብለው ወይም በሆዳቸው ተኝተው፣ ወደ ደብረ ሲና በሚወጣው አስፋልት ላይ ካለው ቁልቁለት ጫፍ ተነስተው፣ ታች እስካለው ትንሽ ድልድይ ድረስ ይወርዱበት ነበር። በሥራ ቀን መኪና ስለሚበዛ ማንም አይደፍረውም፤ እሁድ ጠዋት ግን አዋቂ የተባለ ሁሉ ቀበሌ ስብሰባ ስለሚጠራና የቀረ ሰው ለስኳር ራሽኑ ስለሚሰጋ፣ ከተማው ለእኛ ለልጆች ይለቀቅ ነበር። የሴቶቹ ሥራ መታጠፊያው ላይ ቆሞ፣ መኪና ሲመጣ ቀይ ጨርቅ ማውለብለብ ነበር። እኔና ጓደኛዬ ሉባባ ሁለት ዓመት ሙሉ በፀሐይ ቆመን ጨርቅ አውለብልበናል።

ሉባባ የሽንኩርት ነጋዴው የጋሼ ሰይድ ልጅ ነበረች፤ ከእኔ በአንድ ዓመት ትበልጠኛለች። እኔ የምትለኝን ሁሉ የምሠራ፣ «ጎበዝ ሐዋ» እንድትለኝ ብቻ ከገበያ እስከ ወንዝ የምሮጥላት ልጅ ነበርኩ። የቤታቸው ግድግዳ፣ እንደ ብዙዎቻችን ቤት፣ በመጽሔት የተለጠፈ ነበር። ከወዳጅ ሶሻሊስት አገሮች የሚመጣው መጽሔት ወረቀቱ ወፍራም ስለሆነ፣ እናቷ እትዬ ዘሀራ ከሱቅ በኪሎ እየገዙ በዱቄት ሙጫ ይለጥፉት ነበር፤ ፊደሉን ስለማያውቁት ደግሞ አንዳንዱ ገጽ በጎኑ ተጋድሞ፣ አንዳንዱም ተዘቅዝቆ ይውል ነበር።

በጋው ሲገባ፣ ሽንኩርቱ ከመስኖው እርሻ ተለቅሞ ጓሮው ሁሉ በጆንያ በሚሞላበት ሰሞን፣ ከሉባባ መኝታ በላይ ባለችው አንዲት ፎቶግራፍ ላይ ዓይናችን ወደቀ። አንዲት ሴት ሱሪ ታጥቃ፣ ትልቅ መነጽር አድርጋ፣ ጓንት አጥልቃ በነጭ ቁልቁለት ላይ ትበራለች። ገጹ በጎኑ ስለተለጠፈ አንገታችንን አጋድመን ነበር የምናያት። ሌላ ገጽ በግርጌው ስለተደረበበት ደግሞ፣ ከእግሯ ሥር የሚታየን አንድ ጣውላ ብቻ ነበር፤ ሁለት መሆኑን ያወቅኩት ትልቅ ሰው ከሆንኩ በኋላ ነው።

«ጨው ላይ ነው የምትሄደው» አልኩ እኔ፣ አፋሮች በግመል ከሚያመጡት ሌላ እንዲህ የነጣ ነገር ስለማላውቅ።

«ጨው ቢሆን ዘርፈው ገበያ አያወጡትም?» አለች ሉባባ እየሳቀች። «በረዶ ነው። ከአባባ ጋር በጣርማ በር ስናልፍ መሬቱ እንዲህ ሆኖ አይቻለሁ። ወላሂ፣ ጥርሴ እርስ በርሱ ተጋጨ።» ከዚያ ወደ ፎቶግራፉ ተጠጋችና፣ «ሐዋ፣ ቆማ እኮ ነው የምትወርደው» አለችኝ። ከወንዶቹ አንድም ቆሞ የወረደ አልነበረም።

ከዚያ ቀን በኋላ መሣሪያችንን መምረጥ ሥራችን ሆነ። የብርቱካን ሳጥን ጣውላ ሞከርን፣ በመጀመሪያው ቀን ተሰነጠቀ። ከተሰበረ በር ላይ የዋንዛ ሳንቃ አገኘንና፣ ሉባባ እላዩ ላይ እየዘለለች፣ ጆሮዋን እያስጠጋች፣ እንደ ጋማ ከብት ነጋዴ ስትመረምረው ዋለች። ከቀሚሷ ሥር የወንድሟን ሱሪ ለበሰች፤ ጓንት ስላልነበረን በዚያ ሙቀት በእጇ ካልሲ አጠለቀች። መነጽሩን ጋራዥ ካላቸው ከጋሽ ከማል የብየዳ መነጽር ተውሰን ስታደርገው፣ ምንም ስላላየች ከበሩ መቃን ጋር ተላተመችና እሱን ተውነው። ሦስት ኩሽኔታ የሰጡንም እኚሁ ጋሽ ከማል ነበሩ፤ አራተኛው ግን በልካቸው አልገኝ ብሎ፣ በጋሼ ሰይድ የሽንኩርት መኪና ላይ ተጭነን ጀውሃ ድረስ ሄድንና፣ እዚያ ከሚቆሙት ሹፌሮች አንዱን ለምነን መጠኑ እኩል የሆነውን አገኘን።

ጋሽ ከማል አራቱን አንድ ላይ በመዳፋቸው እየመዘኑ እንዲህ አሉን፦

«ይህ የቆረፈደ ግራሶ ከሆዱ ካልወጣ አይሽከረከርም። በናፍጣ ዘፍዝፉት፣ አሳድሩትና በእንጨት ጫፍ አጽዱት። እሳት እንዳታሳዩት! እሳት ያየ ኩሽኔታ ለጊዜው ይሮጣል፣ ግን ብረቱ ሞቷል። ሰማችሁኝ፣ ልጆቼ?»

«ሰምተናል፣ ጋሽ ከማል» አልን በአንድ ድምፅ።

የወንዶቹ አለቃ እንድሪስ ስለ ነገሩ በሰማ ጊዜ እስኪያስለው ሳቀ። «አንቺ ልጅ፣ ኩሽኔታ እንስራ መሸከም መሰለሽ?»

«አንተ እንስራ ተሸክመህ ብታውቅ ኖሮ፣ ተቀምጠህ እንኳ እንዲህ አትንገዳገድም ነበር» አለችው ሉባባ።

ልጆቹ ሳቁበት። እሱም ተናዶ በሁሉም ፊት ውል ገባ፦ «ቆመሽ ድልድዩ ከደረስሽ ቁልቁለቱ የእናንተም ነው፤ ሴት ሁሉ እንደ እኛ ይወርዳል። ከወደቅሽ ግን ጨርቃችሁን ይዛችሁ እስክታረጁ እዚያው መታጠፊያው ላይ ትቆማላችሁ።» ለመጪው እሁድ ተቆረጠ። ሌሎቹ ሴቶች ልጆች፣ ስምንት ወይም ዘጠኝ ይሆናሉ፣ ያን ሳምንት ሉባባን እንደ ሙሽራ ሲከቧት ሰነበቱ።

ጋሼ ሰይድ ነገሩን ያውቁ ነበር። ጆንያ እየሰፉ፣ ቀና ሳይሉ፣ «እኔ አላየሁም፣ አልሰማሁም» አሏት። «ደም ያየሁ ቀን ግን ጣውላው ለእናትሽ ማገዶ ነው፤ አንቺም ከዚህ በር አትወጪም።»

ኩሽኔታዎቹን የማጽዳቱን ሥራ የወሰድኩት እኔ ነበርኩ። ማንም አላዘዘኝም፣ «እኔ አለሁ» ያልኩት ራሴ ነኝ። ግን በዚያ ሰሞን ናፍጣ ጠፍቶ መኪናዎች እንኳ ተሰልፈው ያድሩ ነበር፤ ጋሽ ከማልም ቅዳሜ ጠዋት ጣሳዬን ይዤ ስሄድ፣ «ሰኞ ይመጣል ኢንሻአላህ፣ ልጄ፣ ሰኞ ነይ» ብለው መለሱኝ። ሉባባ ጋ ሄጄ «አልተገኘም» ብላት ኖሮ ምን ትለኝ ነበር? ምናልባት ትበሳጭ ነበር፣ ምናልባትም ለሌላ እሁድ እናስተላልፈው ትል ነበር፤ ከዚያ የከፋ ነገር አይመጣም ነበር። እኔ ግን ፊቷ ሲጠቁር ማየት አልፈለግሁም። እናቴ ገበያ ሄዳ ስለነበር ከሰሉን አራግቤ አራቱንም ፍሙ ውስጥ ከተትኳቸው። ግራሶው እየጨሰ ነደደና አለቀ። ሲቀዘቅዙ በጣቴ ብገፋቸው፣ ሱብሃነላህ፣ ቆሙ ብላቸው የማይቆሙ ሆኑ። ብቻ ብረቱ ላይ፣ የእርግብ አንገት የመሰለ ሰማያዊ ቀለም ወጥቶባቸው ነበር።

ሉባባ አንዱን ወደ ጆሮዋ አስጠግታ አሽከረከረችው። «በናፍጣ ነው አይደል ያጠብሽው?»

«አዎ» አልኳት።

«ጎበዝ ሐዋ!» አለችና አንገቴን አቅፋ ሳመችኝ።

እሁድ ጠዋት አስፋልቱ ገና አልጋለም ነበር። ሉባባ ሻሿን ወደ ኋላ አጥብቃ አሰረች፣ ካልሲዎቿን በእጇ አጠለቀች፣ «ቢስሚላህ» አለችና ወጣችበት። በመጀመሪያ ጎንበስ ብላ ነበር፤ ቀጥሎ ቀስ እያለች ተቃናች፣ ጎኗን ወደ ቁልቁለቱ ሰጥታ እጆቿን እንደ ክንፍ ዘረጋች። ግድግዳው ላይ ያለችውን ሴት አንገቴን ሳላጋድም ያየኋት ያን ቀን ብቻ ነው። ሴቶቹ ጩኸታቸውን ለቀቁት፤ እኔም ቀይ ጨርቁን ጥዬ ከጎኗ ሮጥኩ። ድልድዩ ጋ ለመድረስ ሃያ እርምጃ ያህል ሲቀራት፣ ያ ግርርር የሚለው ድምፅ በድንገት ቀጥኖ እንደ ፉጨት ሆነ፤ ከዚያ ቀው አለና የፊተኛው ኩሽኔታ ተበተነ። ጣውላው አፍንጫውን ተከለ፣ ሉባባም ከላዩ ተወርውራ አስፋልቱ ላይ ተንከባለለች።

ወንዶቹ ተሯሩጠው መጡ፤ ቀድመው ያነሱት ግን እሷን አልነበረም። የተበተኑትን የብረት ኳሶች ለብይ መጫወቻ ይሻሙ ነበር።

ቁርጭምጭሚቷ ተሰብሮ ነበር። ወጌሻ መጣ፣ አሸ፣ በቀርከሃ አሰረ። ጋሼ ሰይድ አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻል ነበር። ጣውላውን ራሳቸው ፈለጡትና፣ «ሴት ልጅ መሬት ረግጣ ስትሄድ ነው የሚያምርባት። ሚዛን አልተሰጣትም፣ የአላህ ሥራ ነው» አሉ። በሳምንቱ ይህ ቃል ከተማውን አዳረሰ። ሴቶቹ ልጆች ያለ ክርክር ወደ መታጠፊያው ተመለሱ። ጋሽ ከማል የተሰበረውን ኩሽኔታ አንስተው ሰማያዊውን ቀለም ካዩ በኋላ፣ «ማነው ያቃጠለው?» ብለው ዓይኔን አዩ።

«ያ ከጀውሃ የመጣው ነው፤ ሲሰጡን እንደዚያ ነበር» አልኳቸው።

«እሺ» ብለው ወደ ብረት ቁርጥራጩ ወረወሩት። ሌላ አልጠየቁኝም።

በልጉ ዘንቦ ሜዳው ሲለመልም ሉባባ አሁንም ተኝታ ነበር። አንድ ቀን አጠገቧ ተቀምጬ ሳለሁ እንዲህ አለችኝ፦ «ሐዋ፣ ለማንም እንዳትናገሪ። ወደ መጨረሻው ላይ ፈራሁ መሰለኝ፤ እግሬን ያዞርኩት እኔ ነኝ። ጣውላው ምንም አልሆነም ነበር።» ልነግራት አፌን ከፈትኩ። ከዚያ ከተኛችበት ተነስታ የምታባርረኝ መሰለኝና፣ «አይዞሽ፣ ማንም ሰው ይፈራል» አልኳት። ውሸቴ ከእሳቱ ይልቅ የጎዳት በዚያች ሰዓት ይመስለኛል።

ክረምቱ ሲያልፍ ተነሳች፣ ትንሽ ታነክስ ነበር። በመስከረም ትምህርት ቤት ስትመለስ ፊት እንደ ነፋስ የምትሮጠው ልጅ የገመድ ዝላይ ላይ እንኳ «እኔ ሚዛን የለኝም» እያለች ዳር ትቆም ጀመር። ከዚያ ወዲህ ወንዝ ስንሻገር ድንጋይ ለድንጋይ አትዘልም፤ ቀሚሷን ሰብስባ ውኃው ውስጥ ትገባለች። እኔ እጇን እየያዝኩ አሻግራት ነበር፤ ሰዎችም «እንዴት ያለች ደግ ጓደኛ!» ይሉኝ ነበር።

የዛሬዎቹ የከተማችን ሴቶች ልጆች ሱሪ ለብሰው ሞተር ሲነዱ ማንም ዞሮ አያይም። እኛ አንድ ጣውላ ለመርገጥ ስንት ተማክረን እንደነበር ብነግራቸው ይስቃሉ። ያን ጊዜ ግን የሁላችንም ተራ በአንዲት ልጅ ጉልበት ላይ ተንጠልጥሎ ነበር፤ የበጠሰውም ከወንዶቹ አንዱ ሳይሆን እኔ ነኝ፣ እንድትወደኝ ስል። አንዳንዴ ያን ቁልቁለት ቆመው ሳይወርዱበት ያረጁትን ጓደኞቼን በመንገድ አገኛቸዋለሁ፤ ሰላምታ ሰጥቼ ቶሎ አልፋለሁ።

የሻንጣውን ድምፅ ከሰማሁ በኋላ እንቅልፍ እምቢ አለኝና፣ በአንድ ቅዳሜ ሸዋ ሮቢት ወረድኩ። ሉባባ ደጃፏ ላይ ተቀምጣ ልብስ ትሰፋ ነበር። የመጨረሻ ልጇ ባጃጅ መንዳት ልማር ብላ እየተሟገተቻት ደረስኩ።

«እማዬ፣ ጎረቤታችን እኮ ሴት ሆና ትነዳለች!»

«እሷ ሌላ፣ አንቺ ሌላ። የእኔ ልጅ ነሽ፣ ሚዛን የለሽም። እኛ ዘራችን አይደለም። ጠይቂያት ሐዋን፤ ዓይኗ እያየ ነው የወደቅኩት።»

ልጅቷ ዞራ አየችኝ። ቆሜ እንዳለሁ ተናገርኩ፦ ስለ ናፍጣው፣ ስለ ከሰሉ፣ ስለ ሰማያዊው ቀለም፣ «አዎ» ስላልኩት ነገር ሁሉ። ሉባባ መርፌውን ጨርቁ ላይ ሰካችው። አላለቀሰችም፣ አልሰደበችኝምም። ለራሷ እንደምትናገር ሆና፣

«ታዲያ እኔ ይህን ሁሉ ዘመን ምን ሆኜ ነው የተቀመጥኩት?» አለች።

ከዚያም ወደ ልጇ ዞራ፣ «ሂጂ፣ መንዳቱን ተማሪ» አለቻት። ታኅሣሥ 5 ቀን 2017 ዓ.ም. ነበር።