ሦስት ጊዜ ሁለት የጮኸው ስልክ

ከሰፈሬ ከሄሉ የተነሳሁት ዘጠኝ ላሞቼን ጎልቦ ወስጄ ላጠጣ ነው። የሰፈራችን ኩሬ ጭቃ ሆኗል። ጎልቦ ውሃ በሞተር የሚሳብበት ጉድጓድ አለ፤ የሚስቴ ወንድም ጉዮም እዚያው ይኖራል። እዚያ ስልክ ላይ ድምፅ ይቆራረጣል፣ ጥሪ ብቻ ነው የሚገባው። ስለዚህ ተስማምተናል፦ አንድ ሚስኮል ከሆነ ሞተሩ ቆሟል፣ ሁለት ከሆነ ውሃ አለ። ኔትዎርኩ አንዳንዴ ጥሪ ስለሚበላ ሦስት ጊዜ ይደጋግመዋል።

በዋዜማው ስልኬ ሁለት ጮኸ። ቆይቶ ሁለት። ቆይቶ ደግሞ ሁለት።

«መጀመሪያ ሄደህ እይ፣ ከብቱን ተው» አለች ሚስቴ ዳኪ።

«ሦስቴ ሲጮህ ጆሮሽ የት ነበር?» አልኳት።

ንጋት፣ አሥራ ሁለት ሰዓት

እኔና ላሞቹ የሎሪውን መንገድ ትተን በግራሩ መሃል ገባን። አቧራው ቀይ ነው፣ ጥርስ ውስጥ ይገባል። ከግራሩ ስንወጣ መንገድ ዳር ካለች ሱቅ ሁለት ቻፓቲ ቂጣ በአርባ ሺሊንግ ገዛሁ።

«ባባ፣ ጎልቦ ውሃ አለ እንዴ?» አለች ባለሱቋ።

«በስልክ ተነግሮኛል!» አልኩ ኮራ ብዬ።

ዘጠኝ ሰዓት

ገንዳው ደርቋል። የሞተሩ ቤት ተቆልፏል። ላሞቹ ባዶ ሲሚንቶ ይልሱ ጀመር። 

ጉዮ እየሮጠ መጣ። «ጋሼ! ምን ነካህ? ለምን ከብቱን አመጣህ?»

«አንተ አይደለህ ሁለት የደወልከው? ያውም ሦስቴ!»

«ዋላሂ አንድ ነው! ሦስቴም አንድ አንድ። ዘግቼ ኪሴ ከተትኩት።»

«እስቲ አሁን ደውል።»

አረንጓዴውን ቁልፍ ተጫነ፣ በቀዩ ዘጋ። አረንጓዴው ግን አቧራ ገብቶበት ተቀርቅሮ ነበር። ዓይናችን እያየ ስልኩ በራሱ ጊዜ እንደገና ደወለ። የእኔ ኪስ ለሁለተኛ ጊዜ ጮኸ።

 እኔ የምጠረጥረው ኔትዎርኩን ነበር። መደጋገም የሚጠቅመው መንገድ ላይ ለሚጠፋ ጥሪ ነው። ላኪው ስልክ ራሱ ከታመመ ሦስቴም ያንኑ ስህተት ነው የሚያመጣው።

ጉዮ የልጆቹን የመጠጥ ውሃ በርሜል ለላሞቹ ገለበጠ።

«ልጆችህስ?»

«ነገ አህያ ይዤ ውሃ ልቀዳ ኦቦ እወርዳለሁ። ፖሌ ጋሼ፣ አይዞህ።»

ቀና ብዬ ላየው አልቻልኩም።

መመለሻ

አንድ በርሜል ለዘጠኝ ላም ምን ይሆናል? በማግስቱ ሄሉ ልንደርስ ስንል እርጉዟ ጥቁር ላም ተኛች። ጅራቷን ጎተትኩ፣ ለመንኳት። አልተነሳችም።

ስምንት ይዤ ገባሁ። ዳኪ ቆጠረች፣ እንደገና ቆጠረች። ከስድብ ባሰብኝ።

ጉዮ አረንጓዴውን ቁልፍ በመርፌ ጠርጎታል፣ አቧራው ግን ይመለሳል። አሁን ስለ ውሃው ከመንገሩ በፊት በየጠዋቱ ለሰላምታ አንድ ብቻ ይደውላል። አንድ መሆን እንዳለበት አስቀድሜ አውቃለሁ። ሁለት ከጮኸ፣ ያን ቀን ስልኩ የሚለውን አልቀበልም።

ትናንት ጠዋት ሰላምታው ሁለት ጮኸ። ከብቱን በረት ትቼ፣ ዱላዬን ይዤ፣ ጎልቦ በእግሬ ሄድኩ።