በነጠላ ላይ የተጠለፈ ስም

ትንሽ ፊደል ጠላቴ ነው። ትልቁን ማንም ይጠልፈዋል፤ የትምህርት ቤት አርማ፣ የኳስ ቡድን ማልያ፣ ዘማሪዎች ጀርባቸው ላይ የሚያስጽፉት ጥቅስ፣ ይህን ሁሉ ማሽኑ ራሱ ይወጣዋል፤ የኔ ሥራ ቆሞ ክር መቀየር ብቻ ነው። ፊደሉ ሲያንስ ግን ገበናው ሁሉ ይወጣል። መርፌው ትንሽ ከወፈረ የ«መ» ዓይኖች ይደፈናሉ፣ ክሩ ትንሽ ከበዛ የ«ቀ» ሆድ ሞልቶ ጉብ ይላል። በዚያ ላይ ማሽኑን ስገዛው በውስጡ የነበረው የእንግሊዝኛ ፊደል ብቻ ነው። የኛን ፊደል አንድ በአንድ በአሮጌ ላፕቶፕ ላይ የሣልኩት እኔው ነኝ፤ ዓይኔም ያለቀው እዚያ ላይ ነው። ስለዚህ ደንበኛ መጥቶ «ትንሽ ጽሑፍ ናት፣ ቶሎ ትደርሳለች» ሲለኝ ደሜ ይፈላል።

ያ ሰውዬም የጀመረው በዚሁ ነበር። ክረምት ነው፤ የጆሃንስበርግ ክረምት ዝናብ የለውም፣ ደረቅ ብርድ ብቻ ነው። ከምኖርበት ሰፈር ከትሮይቪል በእግሬ መጥቼ መሃል ከተማ ያለውን ሱቄን ልከፍት ስል በሩ ላይ ቆሞ አገኘሁት። በጎልማሳ ዕድሜ ላይ ያለ፣ ጃኬቱን እስከ አገጩ የዘጋ ሰው ነው፤ ከከተማው ርቆ ካለው ከኦሬንጅ ፋርም በመጀመሪያው ታክሲ መምጣቱን ነገረኝ። በእጁ ላስቲክ ይዟል፤ ላስቲኩ ውስጥ አዲስ ነጠላ አለ።

«እትዬ፣ ትንሽ ስም ናት። ቅዳሜ ወደ አገር ቤት የሚሄድ ሰው አለ፣ ለእናቴ ልልክላት ነው» አለኝ።

«ትንሽ ከሆነችማ አንተው በእጅህ አትሰፋትም?» አልኩት። ጠዋት ጠዋት ምላሴ ገና አልተገራም።

አልተቀየመኝም። «የአባቴ ስም ነው» አለ። «ሞተ። ሦስተኛ ሳምንቱ ነው።»

ወንበር ሰጠሁትና እግዜር ያጥናህ አልኩት። ለምን እንዳልሄደ መጠየቅ አላስፈለገኝም፤ ራሱ ነገረኝ። «ፔፐሬ ኤክስፓየር አድርጓል። ከወጣሁ ተመልሼ አልገባም። ሚስቴና ልጆቼ እዚህ ናቸው፣ ሾፑም እዚህ ነው።» መርዶውን የነገሩት ሾፑ ውስጥ ነው። ሰዎች ከኋላ ባለችው ክፍል ተቀምጠው አስተዛዘኑት፤ እሱ ግን ደንበኛ ሲያንኳኳ እየተነሳ በፍርግርጉ መስኮት ዳቦ ይሸጥ ነበር። ይህን ሁሉ የስኳር ዋጋ እንደሚነግር ሰው ረጋ ብሎ ነው ያወራልኝ። ሳላስበው ዓይኑን ዓይኑን አየሁት መሰለኝ፣ «አላለቀስኩም፣ እትዬ» አለኝ። «አላመንኩም። ቤቱ ገብቼ አለመኖሩን ሳላይ እንዴት ብዬ አምናለሁ?»

ነጠላውን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋና ከጥለቱ ከፍ ብሎ ያለውን ጥግ በጣቱ አሳየኝ። ስሙ እዚያ ላይ፣ ከስንዴ ፍሬ የማይበልጥ ሆኖ በነጭ ክር እንዲጻፍ ይፈልጋል። ሰው እንዲያየው አይደለም፣ ለእሷ ብቻ ነው። ማንበብ ትችል እንደሆን ጠየቅሁት። በመሠረተ ትምህርት ዘመን ፊደል ቆጥራለች፣ መነጽርም ልኮላታል።

ጥለቱን ወደ ታች አድርጎ እንደዘረጋው ልብ አልኩ። ለመስቀል፣ ለሠርግ እንደሚለበሰው ማለት ነው። ነገሩን ዝም ብዬ ባልፈው ይሻል ነበር ይሆናል፤ ግን ዝም ማለት አልፈጠረብኝም።

«ልጄ፣ እናትህ እኮ አሁን ሐዘን ላይ ናት። እናንተ ጋ ነጠላ አይዘቀዘቅም እንዴ?»

«ይዘቀዘቃል» አለ።

«እንግዲያው ጥለቱ ወደ አንገቷ ነው የሚሆነው። እዚህ ከጻፍኩልህ ስሙ በጭንቅላቱ ይቆምባታል።» ነጠላውን አንስቼ ትከሻዬ ላይ አደረግሁና ዘቅዝቄ አሳየሁት።

ያን ጊዜ የሆነውን አልረሳውም። ሰውዬው ነጠላውን ሳይሆን እኔን፣ አንገቴ ሥር የዋለውን ጥለት ያያል። «እሷ?» አለ። ቀጥሎም «እናቴን እንደዚህ ሆና አይቻት አላውቅም» አለ። ከአገር ሲወጣ ጥለቷን ወደ ታች ለቃ፣ ሳቂታ ሆና የሸኘችውን ሴት ነው በልቡ ይዞ የኖረው። አባቱ ሞተ ብለው ነግረውታል እንጂ፣ እናቱ ባሏ የሞተባት ሴት መሆኗን እኔ እስካሳየው ድረስ ማንም አልነገረውም። ነጠላውን ከትከሻዬ አወረድኩ፤ ቆጨኝ።

«በል ስሙን እንገልብጠዋ» አልኩት ድምፄን ለስለስ አድርጌ።

«እስከ መቼ ነው የምትዘቀዝቀው?»

«እንደ ሴቷ ነው። ዓመትም አለ፣ ከዚያ በላይም አለ።»

«ስትጨርስ ጥለቱን ወደ ታች ትመልሰዋለች። ያኔስ ስሙ ይዘቀዘቃል አይደል?»

«ያኔማ ይዘቀዘቃል።»

ነጠላውን መልሶ ጥለቱን ወደ ታች አድርጎ ዘረጋው። «እንግዲያው መጀመሪያ እንዳልኩት ያድርጉልኝ። ሐዘኗን ስትጨርስ አባቴ ቀጥ ብሎ ይቁምላት። ያንን ቀን እየጠበቅሁላት እንደሆነ ትወቅ።»

ተከራከርኩት። ዓመት ሙሉ የባሏን ስም ተገልብጦ እንድታየው ትፈርድባታለህ ወይ አልኩት። ሴት ልጅ ብትሆን ኖሮ ይገባህ ነበር ሁሉ አልኩት። አልበገር አለ። ጨርቁ የእሱ፣ አባቱም የእሱ፤ እኔ ምን አገባኝ ብዬ ተነሳሁ።

ነጠላ እንደ ሌላ ጨርቅ አይደለም። ድሩ ስስ ስለሆነ በማሽኑ ፍሬም ወጥረው ከያዙት ይሳሳል፣ የፍሬሙም ክብ ምልክት ይቀርበታል። አንዴ የተሳሳተውን ልፍታ ቢሉም መርፌው የገባበት ሁሉ ቀዳዳ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ፍሬሙ ላይ የምወጥረው ከጨርቁ ሥር የሚገባውን ደጋፊ ወረቀት ብቻ ነው፤ ነጠላውን ከላይ አነጥፍና ዙሪያውን በእጄ ላላ አድርጌ እይዘዋለሁ። ፊደሉ በጥጡ ውስጥ እንዳይሰምጥ ከላይ ውሃ የሚያሟሟውን ስስ ላስቲክ አለብሰዋለሁ። መጀመሪያ ከራሴ አሮጌ ነጠላ ጫፍ ቆርጬ ሞከርኩ። የአባቱ ስም ዓይን ያላቸው ፊደሎች የበዙበት ነው፤ ሁለቱ ተደፈኑብኝ፣ ክሩን አሳስቼ ደገምኩት። ሰውዬው በላዬ ላይ ቆሞ ሲተነፍስብኝ «ሂድና ተቀመጥ፣ ማሽኑን ታስደነግጠዋለህ» አልኩት። እውነቱን ለመናገር የደነገጥኩት እኔ ነኝ። መብራት በመሃል ቢሄድ ያ ስም ግማሽ ሆኖ ይቀራል።

መብራቱ አልሄደም። ላስቲኩን በእርጥብ ጥጥ ዳብሼ ሳነሳው ፊደሎቹ ዓይናቸውን ከፍተው ቆሙ። ሰውዬው ስሙን ድምፁን አሰምቶ አነበበ፣ አጠፈው፣ አመሰገነኝና ታክሲ እንዳያመልጠው ሄደ። አሁንም አላለቀሰም።

ከዚያ በኋላ ያቺን የማላውቃትን ሴት ከልቤ ማውጣት አቃተኝ። የሰው ማልያ ላይ ቁጥር እየጠለፍኩ እሷ አንገቷን አጣማ የተገለበጠ ስም ስታነብ ትታየኛለች። ጠንክሬ መከራከር ነበረብኝ እያልኩ ከራሴ ጋር ተጣላሁ።

ብርዱ ሲለቅ፣ ማሽኑ እየጠለፈ ሳለ ሰውዬው ተመልሶ መጣ፤ የሚጠለፍ ነገር አልያዘም፣ ስልኩን ብቻ ነው። የእናቱን ድምፅ ከፈተልኝ። በቋንቋቸው ስለሆነ አልገባኝም፤ ቆጣ ያለች፣ ፈጠን ያለች ሴት መሆኗ ግን ገብቶኛል። እሱ በአማርኛ ተረጎመልኝ። ነጠላው እንደደረሳት መነጽሯን አድርጋ ስሙን ፈልጋ አገኘችው። ከዚያም ሊያስተዛዝኑ የመጡት ሴቶች ፊት፣ ጥለቱን ወደ ታች ለቃ ለበሰችው። የባሏ እኅት ጮኸችባት፤ የወንድሜ መቃብር ሳይደርቅ አጌጥሽ፣ ሰው ምን ይለናል አለቻት።

«እናቴ ምን አለቻት መሰለዎት?» አለኝ። «ነጠላ ዘቅዝቂ ካላችሁኝ እዘቀዝቃለሁ። ባሌን ግን አልዘቀዝቅም።»

እጄን አጨበጨብኩ። ሁለታችን ስንሟገትበት የዋልነውን ነገር በአንድ ቃል ፈጸመችው! ሳቅን፤ እሱም እንደዚያ ሲስቅ አይቼው አላውቅም። ከዚያ የላኩለትን ፎቶ አወጣና አሳየኝ። እናቱ ከቤታቸው ደጅ አግዳሚ ላይ ተቀምጣለች፤ የነጠላዋን ጥግ ወደ ካሜራው ከፍ አድርጋ ይዛዋለች። አግዳሚው ረጅም ነው፣ እሷ ግን ዳሩን ይዛ ነው የተቀመጠችው።

ሰውዬው ጣቱን በባዶው ቦታ ላይ አደረገ።

«እዚህ ጋ ነበር የሚቀመጠው» አለ፤ ማሽኑን አጠፋሁለትና ያኔ እሱ አባቱን አለቀሰ።